የመጡትና የመጣው

ውኃ ለኪዋ ሰውን የምትመዝነው በጫማው ነው። ወንዝ ዳር በሚያብረቀርቅ ጫማ የሚመጣ ሰው ሊያይ ሳይሆን ሊታይ ነው የመጣው ባይ ናት፤ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥም ይህን አስተያየቷን የሚያስጥላት አንድም ባለ አንጸባራቂ ጫማ አልገጠማትም። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሲመጡ መጀመሪያ እግራቸውን ታያለች። ከዚያ ቀና ብላ ፊታቸውን ለማየት ብዙም አትቸኩልም።

ሥራው መጀመሪያ የባሏ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ዓለቱ ላይ የተመታውን ባለ ቁጥር ሰሌዳ አይቶ፣ ውኃው ስንት ሜትር ከስንት እንደደረሰ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ዝናብ ቢጥል፣ ሰው ቢታመም፣ ሠርግ ቢኖር፣ ውኃው ይለካል። ባሏ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለካ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጋው ሲገባ፣ ሞተ። የተቀበረ ዕለት ማታ የሚለካ ሰው ስላልነበረ እሷ ወርዳ ለካች፤ ሰባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከአራት ወር በኋላ «ሥራውን ለባለቤቱ ሰጥተናል» የሚል ደብዳቤ ላከ፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው። ደብዳቤው ሲደርሳት እሷ አራት ወር ሙሉ ለክታ ነበር።

መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የውኃ ከፍታ፣ ምርመራ። ምርመራ የሚለውን መሥሪያ ቤቱ ያስገባው ሰሌዳው ቢሰበር ወይም ጎርፍ ቢወስደው እንዲጻፍበት ነው። ባሏ ግን በዓመት ሁለት ቃል ይጽፍበት ነበር። ክረምቱ ሲገባ «መጡ»፤ ክረምቱ ሲወጣ «ሄዱ»። ቃል አያባክንም፣ ከዚያ በላይ አንድ ፊደል አይጨምርም።

የሚመጡትና የሚሄዱት ዓሦች ናቸው። ባለጢም ይሏቸዋል፤ ከአፋቸው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጢም የተንጠለጠለባቸው፣ ክንድ የሚያህሉ፣ ጎናቸው የአሮጌ ነሐስ መልክ ያለው። በጋውን ከገደሉ ሥር ባለው ጥልቅ ውኃ ውስጥ ተሰብስበው ያሳልፉታል፤ እዚያ ረጅም ዘንግ ቢሰዱ ታቹ አይነካም። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ግን ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሰሌዳው አጠገብ ወዳለው ሰፊ ጠጠር። ጠጠሩ በበጋ ደረቅ ሜዳ ነው፣ ፍየል እግሯን ሳታርስ ትሻገረዋለች። በክረምት ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውኃ ይሄድበታል፤ ሴቶቹ በጅራታቸው ጠጠሩን ቆፍረው እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ብቻ ነው። ጥልቁ ውስጥ ቢጥሉት ጭቃ ይውጠዋል። ከዚያ ትልልቆቹ ይመለሳሉ፣ ጫጩቶቹ ሣር በወረሰው ዳር ዳሩን እየተሽሎከሎኩ ያድጋሉ። ድሮ ወንዙን ሞልተውት ነበር አሉ። ዛሬ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ተብለው ወረቀት ላይ ሰፍረዋል፤ ወረቀት ላይ መስፈራቸው የጠቀማቸው ነገር እስካሁን አልታየም።

ባሏ ስለ ዓሦቹ የሚያወራው እንደ ሰው አድርጎ ነበር። ባገባት ዓመት፣ ገና ቤቱን ሳትለምደው፣ አንድ ጠዋት ከወንዝ ተመልሶ በር ላይ ቆመና «መጡ» አላት። የባል ዘመድ መሰላት። እነማን ብላ መጠየቁንም አፈረች። ወለሉን ጠረገች፣ ድንች ጣደች፣ ለሠርጓ የተሰፋላትን ቀሚስ ለበሰች። እሱ ጓሮ ሚስማር ሲያቃና ቆይቶ ሲገባ ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«እንግዶቹ የታሉ?»

«የምን እንግዳ?»

«መጡ አላልክም እንዴ?»

ዓሦቹን እኮ ነው አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ድንቹን ብቻውን በላው። ከዚያ በኋላ ዓሦቹን «ዘመዶችህ» እያለች ነው የኖረችው። «ዘመዶችህ ዘንድሮ ዘገዩ»፤ «ዘመዶችህን ሸኝተህ ስትጨርስ ጣራውን እይልኝ።» ጎረቤታቸው የሆነችው የባሏ ታላቅ እህት ይህን ታሪክ ላወቀችው ሰው ሁሉ አውርታ፣ ሲያልቅባት ደግሞ ላወቁት መልሳ አወራችው።

እሱ ከሞተ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት ዓሦቹ መጡ። ዳር ቆማ አየቻቸው። ቤት ገብታ የውኃውን ቁጥር ጻፈች፣ ምርመራ የሚለውን ባዶ ቦታ ትንሽ አየችው፣ መዝገቡን ከደነችው። በሁለተኛውም ክረምት እንደዚያው።

ዘንድሮ በጋ የመሥሪያ ቤቱ አጥኚዎች ብቅ አሉ። ሦስት ሰዎች፣ ስድስት አንጸባራቂ ጫማ። ጥልቁን ውኃ በመሣሪያ ፈተሹት፣ ዓሦቹን አገኙና ቅጻቸው ላይ «መኖሪያ» ከሚለው ፊት ለፊት «ጥልቁ ውኃ» ብለው ሞሉ። ቅጹ ላይ ለመኖሪያ የተተወችው አንዲት ሣጥን ናት። ከዚያ ደረቁ ጠጠር ላይ ቆመው ፎቶ ተነሡና «ከዓሣ ነፃ» ብለው ጻፉበት። ፍየሏም በፎቶው ውስጥ አለች።

«ክረምት ነው እዚህ የሚመጡት» አለቻቸው።

«እናት፣ እኛ የምንጽፈው ያየነውን ነው።»

«በክረምት ብትመጡ ታያላችሁ።»

«በክረምትማ መንገዱ ይዘጋል» አለ አንዱ፣ ይህን የማታውቅ ሰው መኖሯ እያስገረመው።

ወር ሳይሞላ አንድ ጠጠር አውጪ ከባድ መኪናዎቹን ሊያስገባ ፈቃድ ጠየቀ። ነፃ የተባለን ቦታ ማን ይከለክለዋል። ተቃውሞ ያለው ሰው በስብሰባ ላይ ይቅረብ የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ ውኃ ለኪዋም ባሏ የጻፈባቸው መዝገቦች ከመሥሪያ ቤቱ ወጥተው እንዲታዩላት ጠይቃ በቀኑ ሄደች። የባሏ እህት አብራት ተነሣች።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ልናገርልሽ። ሰው ፊት ትፈሪያለሽ።»

«አልፈራም እትዬ። ይሰለቹኛል እንጂ።»

አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበታል፣ ፊት ለፊት ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ለእያንዳንዱ ባለሥልጣን አንዳንድ ጠርሙስ ውኃ ቆሟል። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ደከም ያለች ሴት ትመራዋለች። መዝገቦቹን አንድ በአንድ ገለጠችና «ምርመራ በሚለው ሥር በየዓመቱ መጡ፣ ሄዱ ይላል» አለች። «የመጡት እነማን ናቸው?»

ውኃ ለኪዋ ልትነሣ ስትል ሌላ ሰው ቀደማት። ተቆጣጣሪው ነው። የወንዝ መለኪያዎችን እየዞረ እንዲያይ የተሾመው እሱ ነው፤ እሷ የምታውቀው ግን በፊርማው ብቻ ነበር። ፊርማው ትልቅና ጠመዝማዛ ነው፣ ባለቤቱም እንደዚያው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ?»

«የመስክ ጉብኝቴ ነው። በየክረምቱ መግቢያና መውጫ ሄጄ ሥራውን አያለሁ። በየዓመቱ ሪፖርት አድርጌያለሁ፤ ቀኖቹን ማመሳከር ይቻላል።»

ተመሳከሩ። አንድ ቀን እንኳ አልተዛነፉም። ለምን ይዛነፋሉ፤ መዝገቡ በየዓመቱ መጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ «መጡ» እና «ሄዱ» የሚሉትን ቀኖች እየገለበጠ የጉብኝት ቀኖቼ ናቸው ይል ነበር። በዚህም «ትጉህ የመስክ ሠራተኛ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሸልሟል፤ በመስታወት አስገብቶ ከወንበሩ ጀርባ ሰቅሎታል። ስለ ጠጠሩ ክፉ አሳብ ያለው ሰው አይደለም። ስለ ጠጠሩ ምንም አሳብ የለውም። የሚያስጨንቀው የግድግዳው ወረቀት ነው።

«ሟች ጨዋ ሰው ነበር» አለ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ። «በአክብሮት ነው የጻፈኝ። ሌላ ቢሆን መጣ ብሎ ይተወኝ ነበር።»

ጠጠር አውጪው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

ውኃ ለኪዋ ቁጣ አልመጣባትም። ቁጣ ለሚገባው ነው። ባሏ ካፖርቱ ሳይደርቅ በየማለዳው ወጥቶ የጠበቀውን ነገር፣ ለዓሣ ያወጣውን አክብሮት፣ ይህ ሰው እንደ ኮት ደርቦት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዞሯል። ተነሣችና ለሰብሳቢዋ «መጡ ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አለች።

«ሁለት ሜትር ከአራት» አለች ሰብሳቢዋ መነጽሯን አድርጋ። ሌላ መዝገብ ገለጠች። «አንድ ሜትር ከዘጠና ሰባት። ይሄኛው ደግሞ ሁለት ከሃያ አንድ።»

«አሥራ ዘጠኙም እንደዚያው ናቸው። ወደ እኛ መኪና የሚሻገርበት ሲሚንቶ አንድ ሜትር ከሰማንያ ላይ ይዘጋል። ሌላ መንገድ የለም። ከዚህ በላይ ማለፍ ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ እዚያው ተተክሏል። የፈረሙበት እሳቸው ናቸው።»

ተቆጣጣሪው ጠርሙሱን አንሥቶ ጠጣ።

«ታዲያ ዋኝተው ነው የመጡት?» አለች የባሏ እህት ከኋላ፣ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። «ጢሙስ የታለ?»

ሳቁ በረድ እስኪል ሰብሳቢዋ ወረቀት አገላበጠች። ጠጠር አውጪው ግን ሳይስቅ ጠብቆ እጁን አወጣ። «ይሁን፤ ዓሣዎቹም ናቸው እንበል» አለ። «ያለፉት ሁለት ዓመታት ባዶ ናቸው። መምጣት ትተዋል ማለት ነዋ።»

«መጥተዋል» አለች ውኃ ለኪዋ።

«ታዲያ ምነው አልተጻፈ?»

«አልጻፍኩትም።»

«ለምን?»

እጆቿን አየች። ሰው ሁሉ እሷን እያየ ነው፤ ተቆጣጣሪውም እንኳ ነፍስ ዘርቷል።

«እሱ ነበር የሚጽፈው» አለች።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። ውሳኔዋን ተናገረች። ጠጠሩ እስከ ክረምቱ መጨረሻ አይነካም። ዓሦቹ ከመጡ መዝገቡ ላይ ይጻፋል፣ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው በዓይኑ አይቶ ይፈርማል፣ ጠጠሩም መኖሪያ ተብሎ ይመዘገባል። ካልተጻፈና ካልተፈረመ በጋ ሲገባ መኪናዎቹ ይገባሉ።

«ማን ሄዶ ይመስክር?» አለ ከጠረጴዛው አንዱ።

ሰብሳቢዋ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች። «እርስዎ ይሂዱ እንጂ። መንገዱን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለሚያውቁት አይቸገሩም።»

ውኃው አንድ ሜትር ከሠላሳ በደረሰ ቀን ተቆጣጣሪው መጣ። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ተጣጣፊ ወንበር፣ የተወለወለ ጥቁር ጫማ። ሹፌሩ መኪናውን ከወንዙ አሻግሮ ካቆመ በኋላ በመስኮት ብቅ ብሎ «የለኪዋ ቤት የቱ ነው ጌታዬ?» ሲለው፣ ግራ ቀኙን አየና በር ላይ ቆማ ያያትን ውኃ ለኪ «ቤቱን ቀይራችሁታል መሰለኝ» አላት።

«ቤቱን ነው ወንዙን?»

ሹፌሩ ጎማ የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ለብቻው ይስቃል።

ያን ዕለት ማታ ወርዳ ለካች፣ ቁጥሩን ጻፈች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳሷን ምርመራ ወደሚለው ዓምድ ወሰደችና የመሥሪያ ቤቱን ሰው መድረስ በአንድ ቃል መዘገበች። ደንብ ደንብ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወንዙ አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት ገባ፣ መሻገሪያው ተዋጠ። ሹፌሩ ቀደም ብሎ እግሬ አውጪኝ ብሎ ነበር። ተቆጣጣሪው ከድንች ጆንያ ጋር በዕቃ ቤቱ ውስጥ አልጋ ተዘረጋለት። ከእሷ በአሥር ዓመት ይበልጣል፤ ግን «እናት» ነው የሚላት። እናት ጣራው ያፈሳል። እናት ይህ ድምፅ ምንድን ነው፤ የወንዝ ድምፅ ነው። እናት ስልክ የሚሠራው የት ላይ ነው። ስልክ የሚሠራው ከቤቱ በላይ ባለው ድንጋይ ላይ ነው፤ እዚያ ወጥቶ ለሚስቱ በጎርፍ መካከል በጀግንነት እንደቆመ ሲያወራ ታች ድረስ ይሰማል። ጫማው በአራተኛው ቀን አፉን ከፈተ። በሩ አጠገብ የባሏ የላስቲክ ቦት እንደ ድሮው ቆሟል፤ ተቆጣጣሪው ሁለት ሦስት ጊዜ በዓይኑ ለካው። እሷ ያላየች መሰለች።

የባሏ እህት በየቀኑ ልታየው ትመጣለች፣ የታሰረ እንስሳ እንደሚያይ ሰው።

«ዛሬስ ምን አለ?»

«ሾርባው ጨው በዛበት አለ።»

«ጨርሶ ነው ያለው?»

«ጨርሶ።»

ዓሦቹ ግን አልመጡም። ውኃው ሁለት ሜትር ከሠላሳ ወጥቶ እዚያው ተገተረ፣ ድፍርስ፣ ግንድ የሚያንከባልል። ባለጢም በእንዲህ ያለ ውኃ ጠጠሩ ላይ አይወጣም፤ መውረድ እስኪጀምርና መልኩ ገረጣ እስኪል ይጠብቃል። ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ካቻምና ሃያ ሁለት ጀርባ ነበር የቆጠረችው፣ አምና አሥራ አንድ። ሃያ ሁለት፣ አሥራ አንድ፤ የሚቀጥለውን ቁጥር ማሰብ አልፈለገችም። በየማለዳው ሰሌዳውን ካየች በኋላ ጠጠሩ ዳር ትቆምና ትመለሳለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ተጣጣፊ ወንበሩን አንሥቶ ኩሽና መጣ፤ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እናት፣ እንደ ሰው እንነጋገር።»

ድንች መላጧን አላቆመችም።

«እኔና አንቺ ምን አጣላን? መዝገቡን አምጪው። መጡ ብለሽ ጻፊ፣ እኔ እፈርማለሁ። ጠጠርሽ ይተርፋል፣ እኔም መሻገሪያው እንደተከፈተ እሄዳለሁ። ማን ያያል?»

«አልመጡም እኮ።»

«ይመጣሉ። ነገም ይምጡ ከነገ ወዲያ፤ ሁለት ቀን ምን ለውጥ አለው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባልሽስ ቢሆን ሁልጊዜ አይቶ ነው የጻፈው?»

ቢላዋው ቆመ። አንድ ቃል ነው። ጽፋ ብትሰጠው ነገሩ ዛሬውኑ ያልቃል፤ ዓሦቹ ባይመጡ እንኳ ጠጠሩ ለሚመጣው ዓመት ይቆይላቸዋል። ይህን ለአፍታ አሰበችው፣ አላሰብኩትም አትልም። ግን አንዱ «መጡ» ሳያዩ የተጻፈ ከሆነ የቀሩትም አሥራ ዘጠኙ የዚህ ሰውዬ ናቸው። በክብር ያስረክቡታል፣ እሱም በመስታወት ያስገባቸዋል።

«ባሌ ያላየውን አልጻፈም» አለች። «እርስዎ ሳያዩ መፈረም ስለለመዱ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስልዎታል። ወንበሩን ከእሳቱ ራቅ ያድርጉት፤ ላስቲክ ነው።»

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሰሌዳው ሁለት ሜትር ከስድስት ላይ ነበር። ውኃው ሻይ በወተት መስሏል። እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ ልታወጣ ስትል ከጠጠሩ በኩል እርጥብ ልብስ በድንጋይ ላይ የሚመታ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ዝም ብላ አዳመጠች። ደገመው። ሄዳ ቆመች። ጥቁር ነሐስ ጀርባዎች ውኃውን እየሰነጠቁ፣ እየተጋፉ፣ ጠጠሩን በጅራታቸው እየጠረጉ ነው። ቆጠረች። ሃያ ሦስት ላይ ስትደርስ አንዷ ተገልብጣ አምታታቻት፤ እንደገና ጀመረች። ሃያ ሦስት።

ዳገቱን ወጥታ የዕቃ ቤቱን በር አንኳኳች።

«መጡ» አለች።

ውስጥ የሚወድቅ ዕቃ ተንኮሻኮሸ። ብዙ ቆየ። የልብሱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ሻንጣ ከፈተ፣ አፍንጫውን ተናፈጠ። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ተቆጣጣሪው ኮትና ከረባት አድርጎ፣ ጸጉሩን በውኃ ለጥፎ፣ በካልሲ ቆሟል።

«ስንት ናቸው?» አለ በሹክሹክታ። «ሰብሳቢዋም አለችበት?»

ውኃ ለኪዋ አየችው። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት በሠርግ ቀሚሷ ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ትዝ አለቻት፤ ድንቹ ተጥዶ፣ ወለሉ ተጠርጎ። ልታዝንለት ምንም አልቀራት።

«ዓሦቹ ናቸው» አለችው።

በካልሲ ቁልቁለቱን ሊወርድ አይችልም። ወደ ቤቱ በር ሄደች፣ የባሏን ቦት አነሣች፣ ውስጡን በጨርቅ ጠረገችና ሰጠችው።

«ይጠብባል» አለ አንዱን አስገብቶ።

«ይጠብዎታል» አለች።

ጠጠሩን እንዳይረግጥ ነግራው ዳር ላይ አቆመችው። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ጀርባዎቹ ግን በደንብ ይታያሉ። አንዲት ትልቅ ሴት ዓሣ ከእግሩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ጎኗን ሰጥታ ጠጠሩን መታችው፣ ውኃው ከረባቱ ላይ ተረጨ። ተቆጣጣሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለበት ሰዓት ነበር፤ እሷም በዝምታው ውስጥ፣ ይህ ሰው ምናልባት፣ ብላ አሰበች።

«ይበላሉ?» አላት።

ቤት ገብተው መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሜትር ከስድስት። ምርመራ ከሚለው ሥር ቀስ ብላ፣ እንደ እሱ ሁለት ፊደል ብቻ አድርጋ፣ «መጡ» ብላ ጻፈች። ከዚያ መዝገቡን አዙራ ወደ ተቆጣጣሪው ገፋችለት።

ብዕሩን አወጣ። የሚፈርምበትን ቦታ ሲፈልግ ዓይኑ ወደ ላይ ሸሸ፣ አሥራ አራት ቀን ወደ ኋላ፣ ውኃው አንድ ሜትር ከሠላሳ ወደነበረበት ማታ። እዚያም ምርመራ ከሚለው ሥር አንድ ቃል አለ። «መጣ» ይላል።

ጎንበስ ብሎ አነበበው። ደገመው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ይሄ… መዝገብ እኮ ነው። ቢሮ ይደርሳል። ሰው ያነበዋል።»

«ለዚያ ነው የጻፍኩት። አልመጡም እንዳይባሉ።»

«አንድ ፊደል እኮ ነው እናት። ጣንና ጡን ብትለዋውጫቸው እኩል ቦታ ነው የሚይዙት።»

«ያ ቦታ ተይዟል» አለች።

በሩ ላይ የባሏ እህት ቆማ ታያለች። ተቆጣጣሪው መዝገቡን አየ፣ ወንዙን በመስኮት አየ፣ ሁለት ሜትር ከስድስት እንደሆነና የትም መሄጃ እንደሌለው ያየ ይመስላል። ፈረመ። ፊርማው እንደ ወትሮው አልተጠማዘዘም።

ከአምስት ቀን በኋላ ውኃው ከአንድ ሜትር ከሰማንያ በታች ሲወርድ ሹፌሩ መጥቶ ወሰደው። ማታ ለክታ ስትመለስ «ሄደ» ብላ ጻፈች። ቦቱን አጥባ፣ አድርቃ ወደ ቦታው መለሰችው።

ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው አዲሱ ቅጽ አሁንም አንዲት ሣጥን ብቻ ነው ያለው። አንድ ሰው በጥቃቅን ፊደል ሦስት መስመር አጨናንቆበታል፤ በበጋ ጥልቁ ውኃ፣ በክረምት ጠጠሩ፣ ለጫጩቶቹ የዳሩ ሣር። ጠጠር አውጪው ሌላ ቦታ እየፈለገ ነው ይባላል። የባሏ እህት ስለ ሠርግ ቀሚሱ የምታወራውን ትታ ስለ ከረባቱ ማውራት ጀምራለች።

በወሩ መጨረሻ ውኃው አንድ ሜትር ከአርባ ሲሆን ጠጠሩ ላይ አንድም ጀርባ አልነበረም። ውኃ ለኪዋ ጥቂት ቆመች። ቤት ገብታ «ሄዱ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያም ጣራውን ልታይ መሰላሉን አመጣች።